ደግነት በየዓመቱ ይመረቃል

እኔ በተማርኩበት ግቢ ዓይነ ስውር ተማሪ ብቻውን ሲሄድ ማየት ብርቅ ነበር። ሁሌም አንድ ሰው ክንዱን ይዞታል። ከዶርም ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ክላስ፣ ማታ ደግሞ ወደ ማጥኛው ክፍል፣ ወደ ስፔስ። የያዘው ሰው አንዳንዴ የዶርም ልጅ ነው፣ አንዳንዴ የባች ልጅ፣ አንዳንዴ ስሙን እንኳ የማያውቀው ተማሪ። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አይከፍለውም። "ወንድሜ፣ ወዴት ነህ?" ይላል፤ ከዚያ መንገዱን ቀይሮ አብሮት ይሄዳል። የልጆቻችን ጠባይ ነው። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ግን ተመርቄ ወጥቼ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኜ ከገባሁ ወዲህ አንድ ሐሳብ ሰላም ነስቶኛል። ያ ሁሉ ደግነት የተማሪው ነው። ተቋሙ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ተማሪው በትከሻው ተሸክሞታል። ተማሪ ደግሞ ይመረቃል። ጋዋኑን ለብሶ ፎቶ ይነሳል፣ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። አብሮት ምን እንደወጣ የሚመዘግብ የለም። መስከረም ላይ አዲስ ዓይነ ስውር ተማሪ ይመጣል፤ ሁሉም ነገር እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

የገባነው የፍሬሽማን ፕሮግራም እንደገና በተጀመረበት በ2012 ዓ.ም. ነው። ዶርማችን ውስጥ ስምንት ነበርን። አንዱ ጓደኛችን ዓይነ ስውር ነው። በሩ አጠገብ ያለችው የታችኛዋ አልጋ ለእሱ ተለቀቀችለት፤ ውይይት እንኳ አላስፈለገም። ሻንጣው ውስጥ በጣት የሚነበበው የብሬል ጽሑፍ መጻፊያ ሰሌዳ (ስሌት)፣ ነጥቡን የሚወጋበት ስታይለስ፣ ወፍራም ወረቀትና አንድ ያረጀ የድምፅ መቅረጫ ነበሩ። ማታ መብራት ሲጠፋ እኛ እንተኛለን፣ እሱ መጻፉን ይቀጥላል። ጠቅ ጠቅ የሚለውን የስታይለስ ድምፅ እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። በስሌት ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ነጥቡ በወረቀቱ ጀርባ ስለሚወጣ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ይህን መጀመሪያ ያሳየኝ ቀን ተደንቄ ደጋግሜ አስጻፍኩት።

ትምህርቱ ሲጀመር ችግሩ አብሮ ጀመረ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዓይነ ስውራን ሒሳብ አይፈተኑም። ብዙዎቹ ሒሳብን ከታች ክፍል ጀምሮ በቅጡ ሳይማሩት ነው የሚመጡት። የሚያስተምርበትን መንገድ የሚያውቅ ስላጡ እንጂ ጭንቅላታቸው ስለማይችለው አይደለም። ፍሬሽማን ላይ ግን የሒሳብ ኮርስ አለ። ጓደኛችን ይውሰድ ወይስ ይለፈው? ከመምህሩ ወደ አስተባባሪው፣ ከአስተባባሪው ወደ ሬጅስትራር ተመላለስን። አንዱ "ይለፍህ" ይላል፣ ሌላው "መመሪያ አልደረሰኝም" ይላል። ቁርጡ ሲታወቅ ሚድ አልፏል። እስከዚያ ድረስ ልጁ ክላስ እየገባ ቁጭ ይላል። መምህሩ ቦርዱ ላይ እየጻፈ "ይሄ ከዚህ ጋር ሲባዛ፣ ይሄኛው ወደዚህ ሲሄድ" ይላል። የቱ ይሄ? ወዴት?

ጂኦግራፊው ሌላ ፈተና ነበር። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የሚባለው ኮርስ ያለ ካርታ አይሆንም። ስምጥ ሸለቆን በቃል ልነግረው ሞከርኩ። ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ አገሪቱን ለሁለት ይከፍላል አልኩት። "ገባኝ" አለ። ድምፁ ግን እንዳልገባው ይናገራል። አንዱ የዶርም ልጅ ካርቶን ቀደደ፤ ሌላው ከሱቅ ሲባጎና ኮላ ገዝቶ መጣ። የአገሪቱን ዳርቻ በሲባጎ አዞርን። የስምጥ ሸለቆውን ግራና ቀኝ በድርብ ሲባጎ ሠራን። ለሐይቆቹ ከአሮጌ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ነቀልን፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ። ለአባያ ትልቁን የካፖርት ቁልፍ ሰጠነው፤ በስፋት የሚበልጣቸው እሱ ስለሆነ።

ጓደኛችን በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደበት። ተመለሰ። እንደገና ወረደ። ሻላ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይቺ ሻላ ናት?"

"አዎ።"

"ከሁሉም ጥልቁ ሻላ ነው አላላችሁም እንዴ? ለምን ከሌላው እኩል ሆነ?"

ተያየን። ልክ ነው። እኛ ካርታ ስናይ ስፋት ብቻ ነው የምናየው። ጥልቀቱን የጠየቀው በጣቱ የሚያየው ልጅ ነው። ሻላ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ደረብንበት። ከዚያች ማታ በኋላ ስለ ሐይቆቹ የሚጠይቀን እሱ ሳይሆን እኛ እሱን ሆንን።

ያ ካርታ ሎከር ላይ ተደግፎ ቆየ። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ወደየቤታችን ተበተንን። ተመልሰን ስንመጣ ዶርም ተቀይሯል፣ የቀረው ዕቃ ተጠርጎ ወጥቷል። ካርታውም አብሮ ሄዷል። ለእሱ ችግር የለውም፤ ኮርሱን ጨርሷል፣ ሐይቆቹም ጣቱ ላይ ቀርተዋል። በተከታዩ ባች ግን ሌላ ዓይነ ስውር ተማሪ ገባ። ያንኑ ኮርስ ያዘ። ላይብረሪ ሄዶ በእጅ የሚዳሰስ ካርታ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም። ካርቶን ላይ የተለጠፈች ሲባጎ ናት፤ ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። የሚያስቀምጣት መደርደሪያና "ይቺ ለሚመጣው ትቆይ" የሚል ሰው ግን አልነበረም።

የንባቡ ነገር ደግሞ ከካርታውም የከፋ ነው። ጓደኛችን የሚያነቡለት ልጆች ነበሩት። እኔ አንዱ ነኝ። ማታ የተኙትን እንዳንረብሽ ኮሪደር ላይ ወጥተን፣ በውጭው አምፖል ሥር ሀንድአውት አነብለታለሁ፤ እሱ መቅረጫውን ይከፍታል። ጮክ ብሎ ማንበብ ለእኔም ይጠቅመኝ ነበር። ዘልዬ የማልፈውን አንቀጽ እሱ "ቆይ፣ ያን ድገመው" ይለኛል፤ ያ አንቀጽ ፈተና ላይ ይመጣል። ከሰው ጋር ማጥናት እንዲህ ነው። ግን ፋይናል ሲደርስ ምን ይሆናል? ሁሉም ችከላ ላይ ነው። አንባቢዎቹ በሙሉ የራሳቸው ፈተና አለባቸው። እሱ አንባቢ በጣም በሚያስፈልገው ሳምንት አንባቢ የሚጠፋው በዚሁ ሳምንት ነው። ክፋት አይደለም። በደግነት ላይ ብቻ የቆመ አሠራር የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። ደግ ሰው ጊዜ ሲኖረው ነው የሚደርስልህ።

አንድ ማታ በዶርማችን ጭቅጭቅ ተነሳ። ስለ ጽዳት ተራ ነበር። ሁላችንም ተናገርን፤ ሁለቱ ልጆች ለቀናት ተኮራረፉ። ጓደኛችን ብቻ ዝም አለ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከሁላችንም በላይ ያውቅ ነበር። በኋላ ለብቻችን ስንሆን ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት።

"እኔ ከማንም ጋር መኳረፍ አልችልም" አለኝ። "ዛሬ ካንተ ጋር ብጣላ ነገ ቁርስ ማን ይወስደኛል? እናንተ ስትናደዱ ትናደዳላችሁ። እኔ ሁሌም ጥሩ ልጅ መሆን አለብኝ።"

ይህን ነገር ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። መናደድ፣ መኳረፍ፣ "ተወኝ" ማለት የማንም ወጣት መብት ነው። እሱ ግን ለቁርሱ፣ ለክላሱና ለማንበቢያው የሚከፍለው በፈገግታ ነው። አንድም ቀን ሒሳቡ አይዘጋም። ስለ ተማሪ ደኅንነት ሲወራ ስለ አልጋ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ወጥ ጥራት እንነጋገራለን፤ ተገቢም ነው። የእኔ ጓደኛ ግን የጎደለው ከዚያ በላይ ነው። ያለ ማንም በጎ ፈቃድ የራሱ የሆነ ነገር አልነበረውም።

ፈተና ቤትም ያው ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ ለብቻው ክፍል ይሰጠውና አንድ ሰው ጥያቄውን ያነብለታል፣ መልሱን ይጽፍለታል። አንባቢው ጎበዝ ከሆነ ዕድል ነው። ካልሆነ አራቱን ምርጫ በአንድ ትንፋሽ አንብቦ "የቱ ነው?" ይላል። የኮርሱን ቃላት የማያውቅ አንባቢ ቃሉን አጣምሞ ያነባል፣ ተማሪው ደግሞ የተጣመመውን ቃል ፍቺ ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቃል። ጓደኛችን አንድ ጊዜ ድገምልኝ ማለት ቀላል ነው ይላል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ድገምልኝ ማለት ግን ያሳፍራል። ስለዚህ በግምት መልሶ ይወጣል። ከውጤቱ ላይ ስንቱ የዕውቀቱ፣ ስንቱ የአንባቢው እንደሆነ ማን ያውቃል?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ግዴታ ይጥልበታል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዛል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅም ይህን ጉዳይ አልዘለለውም። ታዲያ ከአዋጁ በኋላ የተሠራ ባለ አራት ፎቅ ክላስ ሄዳችሁ ራምፕ (የዊልቸር መወጣጫ) ፈልጉ። ካለም አንዳንዱ ቁልቁለቱ ዊልቸር የሚያስገለብጥ ነው።

የሚቻል መሆኑን የሚያሳዩ ሰዎችም አሉን። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ ወሎ አማራ ሳይንት ተወልዳ በልጅነቷ ዓይኗን ያጣች ናት። ሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም አቀፉ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸላሚ ሆናለች። ስሟን ስንጠራ "ጎበዝ ከሆነ ያልፋል ማለት ነው" ብለን እንዳንደመድም እፈራለሁ። እሷ ራሷ የታገለችው ሌላው እንደ እሷ እንዳይቸገር ነው። ማየት የሚችል ተማሪ ለማለፍ ጀግና መሆን አይጠበቅበትም። መካከለኛ ተማሪ ሆኖ ሲ ይዞ ይመረቃል። ዓይነ ስውሩም መካከለኛ ሆኖ የመመረቅ መብት አለው።

መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ዘንድ ስንሄድ ደግሞ ጥያቄው አስተርጓሚ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከዚያ የተመረቀው ባለሙያ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ክላስ ውስጥ ቆሞ ካልታየ ተማሪው የመምህሩን ከንፈር እያየ ይውላል። ስለ ድኻ ተማሪም አንድ ነገር ልበል። ካፌ የሚበላው፣ ዶርም የሚተኛው በነፃ የሚመስለን ብዙ ነን። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ምግቡና መኝታው ወደፊት የሚከፍለው ዕዳ ነው። ስለዚህ ካፌ ውስጥ ካርድ በሚያየው ቲከር ፊት ሚል ካርዱን ይዞ የቆመ ልጅ ምጽዋት ጠባቂ አይደለም። ጥሩ አገልግሎት ሲጠይቅም "መጥገብህ ነው" ሊባል አይገባም።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ቤታችን በተቀመጥንባቸው ወራት መምህራን ሀንድአውት በቴሌግራም ይልኩልን ነበር። ለእኛ ደስታ ነበር። እሱ ከገጠር ደወለልኝ። "ስልኬ ምንም አያነብልኝም" አለኝ። ፋይሉን ከፈትኩት። የወረቀት ፎቶ ነው። ገጹን አንድ ሰው በስልክ አንስቶ ፒዲኤፍ አድርጎታል። ስክሪን ሪደር የሚባለው ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ጽሑፍን እንጂ ፎቶን በራሱ አያነብም። ለእሱ ያ ፋይል ባዶ ወረቀት ነው። ያንኑ ሀንድአውት መምህሩ መጀመሪያ የጻፈው በዎርድ ነበር። ዎርዱን ቢልክ ኖሮ ጓደኛዬ ከእኛ እኩል በዚያው ቀን ያነበው ነበር። አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።

ይህን ነገር አሁን በሥራዬ በየቀኑ አየዋለሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የዎርድ ፋይል ከሆነ ኤንቪዲኤ የሚባለው ነፃ ስክሪን ሪደር በጥሩ ሁኔታ ያነበዋል። ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን የጀመሩት ፕሮግራም ነው፤ ማንም ያወርደዋል። አማርኛው ላይ ሌላ ችግር አለ። ብዙ የቆዩ የአማርኛ ማስተማሪያዎች የተጻፉት ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ የድሮ ፎንቶች ነው። ለዓይን ፊደሉ "ሀ" ይመስላል። ኮምፒውተሩ ግን ከሥሩ የሚያየው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደሩ ሲያነበው ትርጉም የሌለው ጩኸት ይሆናል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ ሁሉ ይነበባል። ስለዚህ መምህር ሆናችሁ የድሮ ሞጁል እጃችሁ ላይ ካለ በዩኒኮድ እንዲገለበጥ አድርጉ። የአንድ ታታሪ ጸሐፊ የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዘላለም የሚሆን ነው።

"የመጽሐፍ ባለመብት ይከሰናል" የሚሉም አጋጥመውኛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የማራካሽ ስምምነትን ተቀላቅላለች። ስምምነቱ የወጣው ለዚሁ ነው፤ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጽሐፍን ወደ ብሬል፣ ወደ ድምፅ ወይም ወደሚነበብ ፋይል ለመቀየር የደራሲውን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ እንዳይሆን። በሩ ክፍት ነው።

አንባቢን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ዩኒቨርሲቲው አንባቢ ተማሪዎችን ይመዝግብ፣ ትንሽ ያሠልጥን፣ በሰዓት ይክፈል። ኪሱ ባዶ የሆነ ስንት ጎበዝ ተማሪ አለ፤ የሳሙናና የፎቶ ኮፒ ብር የሌለው። ለእሱም ሥራ ይሆነዋል። ዓይነ ስውሩ ደግሞ አንባቢው ሲዘገይ "ለምን ዘገየህ?" ማለት ይችላል። የጎደለው ይሄ ነው፤ ቅር ሲለው ቅር አለኝ ማለት። ክፍያ ሲኖር ወዳጅነት ይጠፋል የሚል ካለ አልስማማም። የእኔና የጓደኛዬ ወዳጅነት ያማረው ስለማነብለት አይደለም። ጨዋታችን ነው ያቆየን፤ ዛሬም የማትሪክ ተማሪዎችን እያስተማረ ማታ ማታ ይደውልልኛል፣ ስለ ኳስ ተከራክረን እንዘጋለን።

ለፈተና አንባቢዎችም ቢሆን የኮርሱን ቃላት የሚያውቅ ሰው መመደብና ሰዓት መጨመር ነው። በተማሪው ልመና መሆን የለበትም። ፕሮግራሙ ሲወጣ አብሮ ይለጠፍ።

ከሁሉም በላይ ግን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የፍሬሽማን ኮርሶች በአገር ደረጃ የጋራ ናቸው። የጂኦግራፊው ሞጁል፣ የሳይኮሎጂው፣ የአንትሮፖሎጂው ሁሉ የተዘጋጀው ለሁሉም ነው። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሞጁሎቹን አንድ ጊዜ በሚነበብ ፋይል፣ በድምፅና በብሬል ቢያዘጋጃቸው፣ አንዱ ደግሞ የሚዳሰሱ ካርታዎችን ቢሠራ፣ ለሁሉም ይበቃል። በየግቢው፣ በየዶርሙ፣ በየኮሪደሩ አምፖል ሥር ያንኑ ሞጁል በየዓመቱ ጮክ ብለን የምናነበው ለምንድን ነው? ምደባ ወጥቶ የመግቢያ ጥሪ እስኪደረግ ጊዜ አለ። ዩኒቨርሲቲው የሚመጡለትን ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ቀድሞ ጠይቆ ማወቅ ይችላል። ተማሪው ግቢ ሲደርስ ፋይሎቹ በፍላሽ ተዘጋጅተው ሊጠብቁት ይችላሉ።

እኔ ከራሴ ኮርሶች ጀምሬያለሁ። ሁለቱን በዩኒኮድ መልሼ ጽፌ፣ ሥዕሎቹን በጽሑፍ ገልጬ ጨርሻለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ነኝ። እያንዳንዱን ስጨርስ መጀመሪያ የምልከው ለጓደኛዬ ነው፣ ያዳምጥና የተሳሳተውን ይነግረኛል፤ ሠንጠረዥ ላይ በጣም ይቆጣል። የምታስተምሩ ካላችሁና የሠራችሁት ፋይል ካለ ላኩልኝ፤ የእኔንም እልክላችኋለሁ።